መስመር ያለው ቤት

ቤት ሊያዩ በወጡ ቁጥር ወንበሩን የሚይዘው ጉልላት ነው። ተጣጣፊ የሸራ ወንበር ነው፤ መቀመጫው መሐሉ ላይ ረግቧል። ሚስቱ ስንዱ "አምጣ እኔ ልያዘው" ስትለው፣ "ባዶ እጄን ከሄድኩ በሽተኛ እመስላለሁ" ይላታል። በሽተኛ ነው። ይህን ሐኪሞቹም ደላሎቹም አሳምረው ያውቃሉ፤ እሱ ግን ወንበሩን አይለቅም።

ሥራው ይህን ያህል የሚከብድ አይደለም። ባዶ ክፍል ይገባል፣ ወንበሩን ይዘረጋል፣ ተቀምጦ ዝም ይላል። ስንዱ በሩን ተደግፋ ደረቱን ታዳምጣለች። የቤቱ የኔትወርክ መስመር ደህና ከሆነ ደረቱ ዝም ነው። መስመሩ ከደከመ ከሸሚዙ ሥር ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ጎረቤት ቤት የተጣደ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። ደረቱ ውስጥ የተቀበረው ልብ ጠባቂ መሣሪያ ሐኪም ቤቱን ሳያማክር አንዲት ነገር አይወስንም፤ መስመር ካጣ ይፈራና የልቡን ምት እስከ ታች ያወርደዋል። ያኔ ጉልላት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩ እየጠቆረ፣ መስመሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። ለጥቂት ጊዜ ከሆነ ምንም አይደል። ሐኪሟ ግን ቤታቸው ግድግዳ ላይ በምስል ብቅ ብላ ለስንዱ በግልጽ ነግራታለች፤ "እየተደጋገመ ከሄደ አንዱን ቀን አይመለስም።"

ድሮ ሰው ቤት ሲገዛ ውኃው ይመጣል ወይ፣ ጣራው ያፈሳል ወይ፣ ካርታው ንጹሕ ነው ወይ ይል ነበር አሉ። ዛሬ ውኃ ሳምንት ቢጠፋ ማንም ደንታ የለው። አዲስ አበባና አዳማ ጫፍ ለጫፍ ከተጋጠሙ፣ ትምህርት ቤቱም ቀበሌውም ቅዳሴውም ተጠቃልለው ግድግዳ ውስጥ ከገቡ ወዲህ ጥያቄው አንድ ነው፤ መስመር አለው? መስመር የሌለው ቤት "ዕውር ቤት" ይባላል። ዕውር ቤት ባለቤቱ በሩን ሳይቆልፍ ጥሎት ይሄዳል፤ ሌባም አይገባበት።

ስንዱና ጉልላት ለብዙ ዘመን የኖሩበት የሸክላ ሜዳ ሰፈር ዕውር ሊሆን ነበር። ማስታወቂያው አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ ወጣ። የነዋሪው ቁጥር ስላነሰ የሰፈሩ መስመር ክረምቱ ሲገባ እንደሚነሳ ገልጾ፣ "ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ብሎ ይደመድማል። ትዕግሥት ይኑራት አይኑራት ስንዱን የጠየቃት የለም። በዚያ ላይ እንጀራዋም መስመር ነው። ወረፋ ጠባቂ ናት፤ በሰው ስም ግድግዳው ፊት ተሰልፋ ትውላለች። የአንዱን የውርስ ጉዳይ፣ የሌላውን የጥርስ ቀጠሮ ይዛ ቆማ ስትጠብቅ ውላ፣ ተራው ሲደርስ ባለጉዳዩን ትጠራለች። ፊቷ ከግድግዳው ላይ ለቅጽበት ከጠፋ ወረፋው ከኋላ ይጀመራል። የሌላውን ሰው ወረፋ ስትጠብቅ የኖረች ሴት አሁን የራሷ ተራ ሲደርስ ጉልበቷ አልቆ ነበር።

ያዩዋቸውን ቤቶች መዘርዘር ድካም ነው። አንዱ ቤት መስመሩ ወጥ ቤት ብቻ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቱ "አልጋውን እዚያ አድርጉት፣ ይሞቃል" አላቸው። አንደኛው ቤት ውስጥ የጉልላት ደረት ማፏጨት ሲጀምር ደላላው አብሮ ማፏጨት ጀመረ። ሌላው ቀን ላይ ደህና ነበር፤ ሲመሽ፣ ሰው ሁሉ ከሥራው ወደ መዝናኛው ሲዞር፣ ጉልላት ወንበሩ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ ስንዱ ሕግ አወጣች፤ ቤት የምታየው ሲመሽ ብቻ ነው፣ እስኪጨልም ትቀመጣለች፣ ሳትወጣም ጎረቤት አንኳኩታ "መስመራችሁ እንዴት ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ጎረቤት ደላላ አይደለምና አይዋሽም ባይ ናት።

ምንተስኖት የሚባለው ወጣት ደላላ ግድግዳዋ ላይ ብቅ ያለው ክረምቱ ሲቃረብ ነው።

"እትዬ ስንዱ፣ አገኘሁልሽ! ዋርካ ሥር የሚባል ሰፈር፣ ግቢው አበባ በአበባ። አባቴ ይሙት፣ መስመሩ እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው።"

የምንተስኖት አባት በዚያ ወር ብቻ ለአራት ቤት ሞተዋል። ስንዱ ግን መሣቅም አቃታት።

"ሲመሽ ነው የማየው" አለችው።

"ሲመሽ ነይ።"

"እስኪጨልም እቀመጣለሁ።"

"እደሪበት ከፈለግሽ!"

ዋርካ ሥር ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ የሰሙት ነገር ሁለቱንም ባሉበት አቆማቸው። ጡሩምባ ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ጉንጩን ነፍቶ ይነፋል። የእድር ጡሩምባ ስንዱ ከልጅነቷ ወዲህ አልሰማችም፤ በሸክላ ሜዳ ሰው ሲሞት ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ሰረዝ ይወጣል፣ በቃ ያ ነው። እዚህ ግን ጡሩምባው ሲያባራ በሮች መከፈት ጀመሩ። ሰው ወጣ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም ወጥቶ በየደጃፉ ቆመ። አይናቸውን ያርገበግባሉ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስላሉ።

"ውይ፣ ማን ሞቶ ነው?" አለች ስንዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ምንተስኖት አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ከዚያ እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዲህ ነው እትዬ… ይህ ሰፈር ለሰው ይወጣል።"

ስንዱ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በመንገዱ ስታልፍ በግራም በቀኝም አንገቷን እየደፋች "እግዜር ያጥናችሁ፣ ነፍስ ይማር" አለች። ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ ጫማቸውን አዩ፤ ቀጥለው "አሜን" አሉ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ አሜን አለ። አጠገባቸው የቆመች ወፍራም ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ስንዱ ልቅሶ መሰላት።

ጉልላት መኝታ ቤቱ ውስጥ ወንበሩን ዘረጋ። ደረቱ ዝም። ሳሎን ተቀመጠ፤ ዝም። ጓዳውን ሳይቀር ሞከሩት። ከንፈሩ ከወራት በፊት እንደነበረው ቀላ፤ አይኑንም ከደነ። ስንዱ ሕጓን አልዘነጋችም፤ እስኪጨልም መቀመጥ ነበረባት። ነገር ግን ሬሳ ባለበት ሰፈር ቤት ሲመዝኑ ማምሸት ነውር ነው። ጎረቤት ማንኳኳት ነበረባት። ነገር ግን ልቅሶ የተቀመጠን ሰው "መስመራችሁ እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅስ ከሰው ተራ ያወጣል። በዋጋውም አልተከራከረች። ምንተስኖት ኮርኒሱን እያየ ቆሞ ነበር።

"ሰዎቹን አየሻቸው?" አላት ጉልላት፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። "እኔ የሞትኩ ቀን ብቻሽን አትቆሚም ማለት ነው።"

"ክፉ አታውራ።"

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይሉ የለም? እንግዛው ስንዱ። ደክሞኛል።"

እሷም ደክሟት ነበር። ገዙት።

በገቡበት ቀን ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ፉጨቱ መጣ።

ስንዱ መጀመሪያ የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። ወደ መኝታ ቤት ስትገባ ጉልላት አልጋው ጠርዝ ላይ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሮጣ ወደ ደጅ ወጣች። መንገዱ ላይ ድመት እንኳ የለም። ከየመስኮቱ የግድግዳ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ይፈሳል፤ ሰዉ ሁሉ በየቤቱ በየግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያ ሁሉ ሕዝብ አንዱን ቀጭን መስመር ይዞ ይጎትታል። ሰዉ ሲተኛ መስመሩ ተመለሰ፤ ጉልላት አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ "ዛሬ በዛ" ብቻ አለ። በማግስቱም በዛ። በየቀኑ ሲመሽ እየበዛ ሄደ። ቀን ላይ ደግሞ የስንዱ ፊት ከግድግዳው ላይ እየጠፋ የሰው ወረፋ ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። ምንተስኖት ጋ ስትደውል አይነሳም። ደላላ እስኪሸጥ ዘመድ ነው፤ ከሸጠ በኋላ አያውቅሽም።

በሚቀጥለው እሑድ ስንዱ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ጎረቤቷን አንኳኳች። የዚያን ቀን ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘችው ወፍራም ሴት ናት፤ ላቀች ትባላለች። ከግድግዳዋ ተነስታ በሩን እስክትከፍት ብዙ ቆየች።

"እንደምን ዋልሽ እህቴ፣ አዲሷ ጎረቤትሽ ነኝ" አለች ስንዱ። "ቤቱን ልናይ የመጣን ቀን ልቅሶ ላይ ነበራችሁ። ሠልስቱም አለፈኝ፣ ጎረቤት ሆኜ ሳልደርስ ብቀር ነውር ነው ብዬ ነው። የማን ቤት ልግባ?"

ላቀች ደጃፏ ላይ ቀለጠች። ፊቷ ቀላ።

"አዬ እህቴ… ማንም አልሞተም።"

"ጡሩምባው?"

"ቤት ሊሸጥ ነበር።" ላቀች የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። "የእድሩ ደንብ ነው። አባል ቤቱን ሲሸጥ ጡሩምባ ይነፋል፣ ሁላችንም መስመራችንን እናጠፋለን፣ ለገዢው ጥሩ እንዲታይ። ከጠፋ በኋላ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? እንወጣለን። አንቺ 'ነፍስ ይማር' ስትይን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ምን ልበልሽ፣ ሁላችንም ነገ ሻጭ ነን።" የስንዱን ክንድ ያዘች። "አይዞሽ፣ አንቺም ስትሸጪ እናጠፋልሻለን።"

ይህን ያለችው ከልቧ ለማጽናናት ነው። ስንዱ አመሰገነቻት፤ ሌላ ምን ማለት እንደሚቻል አላወቀችም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ተናደደች፤ በደላላው አይደለም፣ በራሷ ጨዋነት። አስተዳደጓ በሰፊው መንገድ ላይ አሳልፎ ሸጧት ነበር።

የእድሩ ዳኛ ለካ እነዚያ ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ኅሩይ ይባላሉ። በሩን ሲከፍቱ አወቋት፤ አሁንም መጀመሪያ ያዩት ጫማቸውን ነው። ስንዱ ቆማ ስለ ጉልላት ደረት ነገረቻቸው። ሲመሽ ሲመሽ፣ ሰዉ ሁሉ ግድግዳው ላይ በሚበዛበት ሰዓት፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብታጠፉልኝ አለች።

"እኔማ ደስ ባለኝ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ኅሩይ። "ደንቡ ነው። በደንቡ መስመር የሚጠፋው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሽያጭና ለሞት። ሰው ሲሞት ሦስት ቀን እናጠፋለን፣ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ በልቅሶ ቤቱ ግድግዳ ገብቶ እንዲያለቅስ።"

"ለታመመስ?"

"የታመመ በየቤቱ አለ። የላቀች ልጅ ትምህርቱ በመስመር ነው። ከኔ በላይ ያለችው መነኩሲት ኩላሊቷ በመስመር ነው። ለታመመ ሁሉ ካጠፋን ሰፈሩ ዕውር ሆኖ ይቀራል።"

እውነታቸውን ነው፤ ስንዱን ያደከማትም እሱ ነው። የሚጮሁበት ክፉ ሰው ቢገኝ ይሻል ነበር። ለመሄድ ዞር ብላ ተመለሰች።

"ጋሽ ኅሩይ፣ የዚያን ቀን 'ነፍስ ይማር' ብያለሁ።"

"ብለሻል።"

"እርስዎም አሜን ብለዋል።"

ሽማግሌው ጫማቸውን ደግመው አዩ።

"የማን ነፍስ ነበር?"

"ልጄ፣ አታሳፍሪኝ።"

"አላሳፍርዎትም። አሁን ላስመዘግብ ነው።" ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ መንቀጥቀጡ የሐሰት አልነበረም። "ባለቤቴ አርፏል። አቶ ጉልላት። ቀብሩ አገር ቤት ነው፣ ሰፈሩን አናስቸግርም። ድንኳን ብቻ ይተከልልኝ።"

ጋሽ ኅሩይ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከበስተጀርባቸው ግድግዳቸው ያወራል፤ የሚሰማው ሰው የለም። ኋላ ካፖርታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ።

"ነፍስ ይማር" አሉ።

"አሜን" አለች ስንዱ።

ቤት ስትገባ ጉልላት ተኝቷል። አጠገቡ ተቀመጠች።

"ገደልኩህ" አለችው።

"መቼ?"

"አሁን፣ ዳኛው ቤት።"

"ቀብሬ የት ነው?"

"አገር ቤት።"

"ጎበዝ። ሩቅ ነው፣ አይከተሉኝም።"

ገና ሳይነጋ ጡሩምባው ተነፋ። ያው ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ለሽያጭ የነፋውንና ለሞት የነፋውን መለየት የሚችል ጆሮ የለም። ድንኳኑ ከደጃፉ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ከመነኩሲቷ ቤት በቀር በየቤቱ ግድግዳው ሁሉ ጠፋ። "ልቅሶ ላይ ነኝ" ማለት በዚህ ዘመን ከሥራ የሚያስቀር ብቸኛው ምክንያት ነው፤ አሠሪ ሁሉ ይቀበለዋል። ሰዉ አይኑን እያርገበገበ ወጣ፣ ተቀመጠ። አንዱ ካርታ አወጣ። ላቀች ጥግ ላይ ግንባሯን ድንኳኑ ላይ አስደግፋ ተኛች፤ ከሰዓት በኋላ ድረስ አልነቃችም። ማንም አልቀሰቀሳትም።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ጉልላት ተኝቶ ልቅሶውን ያዳምጣል። ደረቱ ዝም ብሏል። "ደግ ሰው ነበር" የሚል የማያውቀው ድምፅ በመስኮት ገባ። "ደግ ብቻ? ዝምታውስ!" አለ ሌላው። ጉልላት ትራሱን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ስንዱ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስታይ ደንግጣ ሮጠች፤ ሲስቅ ነው። እሷም ሣቋ መጣና ወደ ውጭ እንዳይሰማ በነጠላዋ ታፈነች። ሣቋ ልቅሶ የሆነው መቼ እንደሆነ አላወቀችም። ከውጭ የሚያዳምጧት ሴቶች "በቃሽ፣ በቃሽ እህቴ" አሉ። እንዲህ ዓይነት እንባ ካለቀሰች ዓመታት አልፈዋል፤ ወረፋ ላይ ማልቀስ አይቻልም።

በሁለተኛው ቀን ላቀች በሳሕን ንፍሮ ይዛ ገባች። ጓዳው በር ላይ ቆማ፣ የመኝታ ቤቱን ዝግ በር አየት አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ለሟቹም ትንሽ አስቀምጪለት" አለች።

ስንዱ ያኔ ገባት። ያውቃሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። አውቀውም ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ። ይህን ያህል የደከመ ሕዝብ ሞት ቢያገኝ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

በሠልስቱ ጉልላት ከንፈሩ ቀልቶ፣ ሁለት ሳሕን በልቶ፣ ጢሙን ተላጨ። ስንዱ ይህን ፊት በአዲሱ ቤት አላየችውም። ሲመሽ ድንኳኑ ፈረሰ። ወንዶቹ አግዳሚዎቹን እየተሸከሙ ሲሄዱ ጋሽ ኅሩይ ወደ ኋላ ቀሩ።

"እግዜር ያጥናሽ" አሏት።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ኅሩይ። ድካማችሁን…"

"ደንቡ ላይ" ብለው አቋረጧት፤ ካፖርታቸውን እየቆለፉ ወደ ጫማቸው እያዩ ነው የሚናገሩት። "ደንቡ ላይ ለሠልስት ብቻ አይደለም። ለአርባውም ይጠፋል። ለሰማንያውም። ለሙት ዓመቱም።"

ሄዱ። ጡሩምባው ለመጨረሻ ጊዜ ተነፋ። ሰዉ መንገዱ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ተጨባበጠ፣ እንደገና ተጨባበጠ፣ የሚባል ነገር አለቀበት። ከዚያ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ገባ። ከመስኮቶቹ ሰማያዊው ብርሃን መፍሰስ ጀመረ።

ስንዱ በሩን ዘግታ መኝታ ቤት ገባች። ጉልላት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ተጣጣፊውን ወንበር ከጥግ አንስታ አልጋው አጠገብ ዘረጋች፣ ተቀመጠች፣ አዳመጠች። ብዙም አልቆየ። ከብርድ ልብሱ ሥር ቀጭኑ ፉጨት ወጣ።

"ስንዱ" አላት ሳይዞር።

"አለሁ።"

"አርባዬ መቼ ነው?"

እጁን ፈልጋ ያዘችው። እየቀዘቀዘ ነበር።

"ደርሷል" አለችው። "ትንሽ ነው የቀረው፣ ዝም ብለህ ተኛ።"